በቀን አንድ ፊውግ፦ ሲሞን ዜኽተርን መርሳታችን ልክ ነው ወይስ ግፍ?

እስቲ በትንሽ ስሌት እንጀምር። አንድ ሰው በየቀኑ አንድ ሙዚቃ ቢጽፍ፣ ስምንት ሺህ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? 8,000ን ለ365 አካፍሉት፤ 22 ዓመት ገደማ ይመጣል። በዓል የለም፣ ጉንፋን የለም፣ «ዛሬ ደክሞኛል» የሚባል ነገር የለም።

ሲሞን ዜኽተር የሚባለው የኦስትሪያ ኦርጋን ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ከ8,000 በላይ ሥራዎች እንደጻፈ ይገመታል። በቀን ቢያንስ አንድ ፊውግ የመጻፍ ልማድ ነበረው። (ፊውግ ምን እንደሆነ ትንሽ ቆይተን እናያለን።) ለማነጻጸር ያህል፣ የሞዛርት ሥራዎች የተዘረዘሩበት ዝነኛው የኮኽል ዝርዝር በመጀመሪያው እትሙ 626 ላይ ነበር ያበቃው።

ታዲያ ከመካከላችሁ ስንቶቻችሁ የዜኽተርን ስም ሰምታችኋል? ሙዚቃ ያጠኑ ሰዎችም ቢሆኑ ብዙዎቹ የሚያውቁት በአንድ መስመር ነው፤ «የብሩክነር አስተማሪ» ተብሎ። በቃ፣ እሱ ብቻ።

ስለ ተረሱ ሰዎች የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት መንገድ ይከተላሉ። ሰውየው ሊቅ ነበር፣ ዓለም በደለው፣ እኛ አሁን አገኘነው። እኔ ይህን መንገድ አልከተልም። በምህንድስና ትምህርት ያለፈ ሰው አንድ ነገር ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን ተብሎ ነው የተሠራው?» ብሎ ነው። የመኪና ሞተርን በውበቱ፣ ሐውልትን በነዳጅ ቁጠባው አትለኩትም። ዜኽተርን ስንመዝን የቆየነው በተሳሳተ ሚዛን ይመስለኛል፤ የሚያወድሱትም የሚንቁትም ጭምር።

ሰውየው ማን ነበር?

ዜኽተር የተወለደው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 11 ቀን 1788 በደቡብ ቦሔሚያ ፍሪድበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው ያኔ በኦስትሪያ ግዛት ሥር ነበር፤ ዛሬ ፍሪምቡርክ ተብሎ በቼክ ሪፐብሊክ ይገኛል። በ1804፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ወደ ቪየና ሄደ። ከ1810 ጀምሮ ለ15 ዓመት ያህል በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተማረ። በ1824 በንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት ኦርጋን ተጫዋችነት ተቀጠረ፤ በ1851 ደግሞ በቪየና ኮንሰርቫቶሪ የሙዚቃ ድርሰት መምህር ሆነ።

የሥራ ታሪኩን በወረቀት ላይ ስታዩት የተሳካለት ሰው ነው የሚመስለው። ግን መስከረም 10 ቀን 1867 ቪየና ውስጥ ሲያርፍ በድህነት ነበር። ከጻፈው ውስጥ የታተመው ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው በእጅ ጽሑፍ ቀርቷል።

ስለ እሱ ሲወራ «ደረቅ»፣ «የሕግ ሰው» የሚሉ ቃላት አይጠፉም። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፦ ይኸው ደረቅ የተባለ ሰው «አሊ ሂች-ሃች» የተሰኘ አስቂኝ ኦፔራ ጽፎ በ1844 ቪየና ውስጥ መድረክ ላይ ታይቶለታል። ስለዚህ መሳቅ የማይችል ሰው ነበር ብላችሁ እንዳትደመድሙ።

ፊውግ ምንድን ነው?

ሦስት ወይም አራት ሰዎች በአንድ ላይ ሲዘፍኑ አስቡ። አንዱ አጭር ዜማ ይዞ ብቻውን ይጀምራል። ጨርሶ ዝም አይልም፤ እሱ ሌላ ዜማ እያወጣ ሲቀጥል ሁለተኛው ሰው ያንኑ የመጀመሪያውን ዜማ በሌላ ከፍታ ይዞ ይገባል። ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ አራተኛው። አሁን አራት ዜማዎች በአንድ ጊዜ እየሄዱ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲሰማ ትርጉም ሊኖረው ይገባል፤ አራቱ በአንድ ቅጽበት ሲገናኙ ደግሞ መስማማት አለባቸው። በዚህ ላይ ዋናው ዜማ ሊገለበጥ፣ ሊዘረጋ፣ ሊያጥር፣ በራሱ ላይ ሊደረብ ይችላል።

ለኢንጂነር ይህ የታወቀ ዓይነት ችግር ነው። ብዙ ገደቦች በአንድ ጊዜ መሟላት አለባቸው፤ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። በየቀኑ አንድ እንዲህ ያለ ችግር እየፈቱ ማደር ምን ዓይነት አእምሮ እንደሚፈጥር ገምቱ።

የዜኽተር አእምሮ በሌሎች ሰዎች ሥራም ላይ ሠርቷል። ሞዛርት «ጁፒተር» የሚባለውን የመጨረሻ ሲምፎኒውን የጨረሰው ዜኽተር በተወለደበት በዚያው በ1788 ነው። የሲምፎኒው የመጨረሻ ክፍል አምስት አጫጭር ጭብጦችን በአንድ ላይ በመደራረብ የሚያበቃ፣ ሰምታችሁ የማትጠግቡት ነገር ነው። ዜኽተር በ1843 የማርፑርግን የቆየ የፊውግ መማሪያ መጽሐፍ አርትዖ ሲያሳትም የዚህን ክፍል ዝርዝር ትንታኔ ጨመረበት። ብዙዎች «ተአምር ነው» ብለው የሚያልፉትን ነገር እሱ ፈትቶ በጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። በእኔ ግምት ይህ ብቻውን ከብዙ መቶ የራሱ ፊውጎች ይበልጣል።

ሁለት ተማሪዎች

የመጀመሪያው ተማሪ ፍራንዝ ሹበርት ነው። ሹበርት በ1828 ሞት በደጁ ቆሞ ሳለ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ዘፈኖችና ታላላቅ ሲምፎኒዎች ጽፎ ካበቃ በኋላ፣ ካውንተርፖይንት መማር አለብኝ ብሎ ወደ ዜኽተር ሄደ። (ካውንተርፖይንት ማለት ብዙ ዜማዎችን በአንድ ላይ የማስኬድ ጥበብ ነው፤ ፊውግ የዚህ ጥበብ ጫፍ ነው።) ኅዳር 4 ቀን አንድ ትምህርት ተማረ። ኅዳር 19 ቀን በ31 ዓመቱ አረፈ። ሁለተኛ ትምህርት አልነበረም።

ዜኽተር ለሹበርት መታሰቢያ ምን ጻፈ መሰላችሁ? ፊውግ። በዶ ማይነር፣ ኦፐስ 43። እዚህ ጋ ነው ሰውየው ለእኔ የገባኝ። ብዙ ደራሲዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ የሐዘን መዝሙር ወይም የቀብር ማርሽ ይጽፋሉ። እሱ ግን የሞተው ወጣት ሊማረው ፈልጎ ያልደረሰበትን ነገር ራሱን ሠርቶ አስቀመጠለት። ያልተሰጠውን ሁለተኛ ትምህርት እንደመስጠት ቁጠሩት።

ሁለተኛው ተማሪ አንቶን ብሩክነር ነው። በ1855 ወደ ዜኽተር ሲመጣ 30 ዓመት አልፎታል፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሊንዝ ሄዶ የካቴድራሉ ኦርጋን ተጫዋች ሆነ። ትምህርቱ አብዛኛው በደብዳቤ ነበር፦ ብሩክነር መልመጃ ይልካል፣ ዜኽተር አርሞ ይመልሳል። በመሃል ብሩክነር ፈቃድ ሲያገኝ ወደ ቪየና ይመላለሳል። በአሁኑ ቋንቋ የርቀት ትምህርት ማለት ነው። እስከ 1861 ድረስ፣ ስድስት ዓመት ያህል ቀጠለ።

ዜኽተር አንድ ከባድ ሁኔታ አስቀመጠ፦ ትምህርቱ እስኪያልቅ የራስህን ድርሰት አትጻፍ። ብሩክነርም ከሞላ ጎደል ታዘዘ። በተቃራኒው መልመጃውን እንደ እብድ ሠራ። አንድ ጊዜ በአንድ ላይ 17 ደብተር ሙሉ መልመጃ ልኮለት ዜኽተር ደንግጦ ጤናህን ጠብቅ፣ ዕረፍት ውሰድ ብሎ እንደጻፈለት ይታወቃል። እስቲ አስቡት፤ በየቀኑ ፊውግ የሚጽፈው ሰው ነው «ኧረ ቀስ በል» የሚለው!

መጋቢት 1861 ትምህርቱ አለቀ። በግንቦት ወር ብሩክነር ለሰባት ድምፅ የጻፈው «አቬ ማሪያ» ሊንዝ ውስጥ ተዘመረ። ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። አራት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ መዘምራን ይዘምሩታል።

የዜኽተር ዋና ሥራ፦ ሕጉ

ዜኽተር ከሁሉም ይልቅ መታየት ያለበት በሌላ ሥራው ነው ባይ ነኝ። በ1853 እና 1854 ላይፕሲሽ ውስጥ በሦስት ቅጽ የታተመው «የሙዚቃ ድርሰት መሠረተ ሐሳቦች» የተሰኘው መጽሐፉ ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ከአንድ ኮርድ በኋላ የትኛው ኮርድ ሊመጣ ይችላል? ለምን?

መነሻው ፈረንሳዊው ራሞ በ1722 ያቀረበው ሐሳብ ነው። እያንዳንዱ ኮርድ አንድ «ሥር» አለው፤ ኮርዱ በሥሩ ላይ እየዘለለ የሚቆም ነው። ዶ ላይ የቆመው ዶ-ሚ-ሶል ነው፤ ሬ ላይ የቆመው ሬ-ፋ-ላ ነው። ስለዚህ ሙዚቃ ሲሄድ ጆሯችን የሚከተለው ከላይ ያለውን ዜማ ብቻ አይደለም፤ ከሥር ያለውን የሥሮች ጉዞም ነው።

ዜኽተር ይህን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ወሰደው። ከሁሉ የበለጠ ተፈጥሯዊው የሥር እርምጃ አምስት እርከን መውረድ ነው አለ። ከዶ ጀምራችሁ ብትወርዱ ዶ፣ ፋ፣ ሲ፣ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ ትላላችሁ፤ ሰባቱንም ነክታችሁ ቤታችሁ ትመለሳላችሁ። የሰንሰለቱ ውበት ይታያችሁ! ሁለተኛው ደረጃ ሦስት እርከን መውረድ ነው።

ችግር የሚመጣው ሥሩ አንድ እርከን ብቻ ሲሄድ ነው፤ ለምሳሌ ከፋ ወደ ሶል። ፋ-ላ-ዶ እና ሶል-ሲ-ሬ አንድም የጋራ ኖታ የላቸውም። ግን ይህ ጉዞ በየዘፈኑ ይሰማል። ዜኽተር ምን አለ? በመሃል የማይሰማ ሥር አለ፤ እሱም ሬ ነው። ሬ-ፋ-ላ-ዶ የሚለውን ኮርድ ተመልከቱ፤ ፋ-ላ-ዶ በውስጡ አለ። ስለዚህ ፋ ወደ ሬ ሦስት ወረደ፣ ሬ ወደ ሶል አምስት ወረደ። ሕጉ ተጠበቀ፤ ሬ ግን ዝም ብሏል።

የ5 ሄርዝ ጉዳይ

አሁን ደግሞ ትንሽ ፊዚክስ። ዜኽተር ያሰበው በንጹሕ ሬሾዎች ነው፦ ሁለት ድምፆች ድግግሞሻቸው 3 ለ 2 ከሆነ «ንጹሕ አምስተኛ» ይባላሉ፤ ጆሮ ላይ ረግተው ይቀመጣሉ። ዶን 240 ሄርዝ ብናደርገው በንጹሕ ሬሾ የተሠራው እስኬል እንዲህ ይወጣል፦

ዶ 240፣ ሬ 270፣ ሚ 300፣ ፋ 320፣ ሶል 360፣ ላ 400፣ ሲ 450።

ካልኩሌተር አውጡና ፈትሹት። ከዶ ወደ ሶል፦ 360 ለ 240፣ ልክ 1.5። ከሚ ወደ ሲ፦ 450 ለ 300፣ ልክ 1.5። ፋ-ዶ፣ ሶል-ሬ እና ላ-ሚም እንደዚሁ ናቸው፤ የላይኛውን ኖታ በእጥፍ እያሰባችሁ ሞክሩት። ከሬ ወደ ላ ግን 400 ለ 270 ነው፤ 1.48 ገደማ። ንጹሕ እንዲሆን ላ 405 መሆን ነበረበት። 5 ሄርዝ ጎደለው! ሰባተኛው፣ ሲ-ፋ፣ ከጥንትም ጎደሎ መሆኑ የታወቀ ነው።

የሬ ሦስተኛ ሃርሞኒክ 810 ነው፤ የላ ሁለተኛ ሃርሞኒክ 800 ነው። ሁለቱ ድምፆች በአንድ ላይ ሲሰሙ በሰከንድ አሥር ጊዜ ዋ-ዋ-ዋ-ዋ እያሉ ይንቀጠቀጣሉ ማለት ነው። ስለዚህ ዜኽተር ሬ-ላን እንደ ሰላማዊ ጥንድ አልቆጠረውም። ላ ከቀደመው ኮርድ ጀምሮ ተይዞ የቆየ መሆን አለበት፤ ከዚያም በእርጋታ ወደ ታች መውረድ አለበት። እንደ ሻካራ ድምፅ ተጠንቅቃችሁ ያዙት ነው የሚላችሁ።

ቆይ ግን፣ ይህ ይሠራል?

እዚህ ላይ ዜኽተርን በሁለት ነጥብ መሞገት አለብን።

አንደኛ፣ የሬ-ላ ሕግ የሚሠራው በሌለ መሣሪያ ላይ ነው። በእሱ ዘመን የነበረው ፒያኖ 5 ሄርዙን በአንድ ቦታ አያጠራቅምም፤ ጉድለቱን በሁሉም አምስተኛዎች ላይ በጥቂት በጥቂቱ ያከፋፍላል። በእኩል የተከፋፈለ መቃኛ ላይ ሬ 270 ቢሆን ላ 404.5 ገደማ ይሆናል፤ መንቀጥቀጡም በሰከንድ አሥር መሆኑ ቀርቶ ወደ አንድ ይወርዳል። አስተማሪው ክፍል ውስጥ ከጎኑ ባለው መሣሪያ ላይ ለማይሰማ ሕመም መድኃኒት ያዛል ማለት ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ዝም ያለውን ሥር አስታውሱ። ሕጉ የማይፈቅደው ጉዞ በመጣ ቁጥር የማይሰማ ሥር በመሃል ማስገባት ከተቻለ፣ ሕጉ የሚሸነፈው መቼ ነው? የሙከራ መረጃ አልገጥም ባለ ቁጥር ሞዴሉ ላይ አንድ አንድ ፓራሜትር እየጨመረ የሚያስማማ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ግራፉ ያምራል፤ ግን ሞዴሉ ምንም አይተነብይም። ሁሉን የሚያብራራ ንድፈ ሐሳብ የሚከለክለው ነገር የለም፤ ስለ ተፈጥሮ የሚነግረንም እንደዚያው ጥቂት ነው።

እንደ ሳይንስ ከወሰድነው ዜኽተር እዚህ ላይ ይወድቃል። ተከታዮቹ «የሃርሞኒን የተፈጥሮ ሕግ አገኘ» ቢሉን መቀበል የለብንም።

ግን መጽሐፉን እንደ ግንባታ ደንብ ብታነቡትስ? ሕንፃ ስትሠሩ ደንቡ የኮንክሪት ምሰሶ ከሚያስፈልገው በላይ እንዲጠነክር ያዛችኋል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ማንም ሰው እንደዚያ ነው ብሎ አይከራከርም። ሰዎች ተስማምተው ያስቀመጡት ጥንቃቄ ነው። ደንቡን የተከተለ ጀማሪ የሚፈርስ ቤት አይሠራም። ልምድ ያለው መሐንዲስ ደግሞ ደንቡ የት ላይ እንደተጠነቀቀ ስለሚያውቅ የት ላይ መድፈር እንደሚቻል ያውቃል። የዜኽተር ሦስት ቅጽ ይህ ነው። ሬ-ላን እንዲጠነቀቅ የታዘዘ ተማሪ ፒያኖው ላይ ምንም ባይሰማም፣ እያንዳንዱ ኖታ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል ብሎ መጠየቅ ይለምዳል።

ብሩክነር ምን አደረገበት?

ማስረጃው ብሩክነር ነው። ዜኽተር ካረፈ በኋላ፣ በ1868፣ በኮንሰርቫቶሪው ማስተማር ጀመረ፤ በቤተ መንግሥቱ ጸሎት ቤትም በተጠባባቂ ኦርጋን ተጫዋችነት ተሾመ። ከ1875 ጀምሮ ደግሞ በቪየና ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ሲያስተምር የነበረው ምንድን ነው? ዜኽተርን። ተማሪዎቹ እንደተረኩት ሕጉን አጥብቆ ያስተምራል፤ ራሱ ግን እንደዚያ እንደማይጽፍ አይደብቃቸውም ነበር።

ይህ ግብዝነት አይደለም። የብሩክነርን ሲምፎኒዎች ስትሰሙ ከላይ ያለው ሃርሞኒ ከቤቱ ርቆ ይሄዳል፤ የት እንዳላችሁ ይጠፋባችኋል። ግን አትወድቁም፤ ከሥር ያለው ቤዝ በሰፊ እርምጃ ይዟችሁ ይሄዳል። አምስተኛው ሲምፎኒ የመጨረሻ ክፍል ላይ ፊውጉ ከነሐስ መሣሪያዎቹ የመዝሙር ዜማ ጋር ሲደረብ ስሙ። ያ ግንብ በ17 ደብተር ላይ ነው የቆመው።

ዜኽተር ጋ የተማሩ ሌሎችም ነበሩ። የፒያኖ ጀግናው ታልበርግ፣ ቫዮሊኒስቱ ቪየታን፣ ብራምስን ሐምቡርግ ውስጥ ያስተማረው ማርክስን፣ የቤትሆቨንን የረቂቅ ደብተሮች ያጠናው ኖተቦም። ሾንበርግ በ1911 ባሳተመው የሃርሞኒ መጽሐፍ ውስጥ የሥሮችን እርምጃ ጠንካራና ደካማ ብሎ ሲከፋፍል፣ ተመራማሪዎች ከዚሁ ከዜኽተርና ከብሩክነር የቪየና ወግ ጋር ያያይዙታል። ከቤተ መንግሥት ኦርጋን ተጫዋች እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሙዚቃ አብዮተኛ ድረስ ማለት ነው።

ታዲያ ፍርዱ?

የራሱ ሥራዎችስ? ብዙ ተቺዎች ያሉትን እኔም እደግመዋለሁ፦ ንጹሕ ናቸው፣ ጥፋት የለባቸውም፣ አይገርሙም። ጥሩ ፊውግ ውስጥ ገደቡ ሊያፍን ደርሶ ዜማው ድንገት የሚተነፍስበት ቅጽበት አለ፤ ባክ ጋ ሁልጊዜ ታገኙታላችሁ። ዜኽተር ጋ ገደቡ ገና ከመጀመሪያው ተፈትቷል። መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የሠራው የሒሳብ ጥያቄ ይመስላል። የኮንሰርት አዳራሾች ስላላጫወቱት ግፍ ተፈጸመ ለማለት ይቸግረኛል።

ግን አዳራሹ ትክክለኛ ሚዛን ነበር ወይ? በየቀኑ የሚጽፍ ሰው እያንዳንዷን ለዘላለም ብሎ አይጽፍም። ሯጭ በየማለዳው የሚሮጠውን ማንም አይመዘግብለትም፤ የሚፈለገው እግሩ ነው። 8,000 የሚለውን ቁጥር እያነሱ «ይህን ያህል ጽፎ እንዴት ይረሳል!» የሚሉ ሰዎች፣ ሳያውቁት ዜኽተርን ይበድሉታል። ቁጥሩ በእሱ ላይ የሚናገረው ትጋቱን ብቻ ነው። በቁጥር ከተሟገትንለት በቁጥር እናጣዋለን፤ ምክንያቱም ቀጣዩ ጥያቄ «ከ8,000ው ስንቱ ይሰማል?» የሚል ነው፤ መልሱም አያምርም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ፣ ምርምር ላይ ላለን ሰዎች፣ ሩቅ አይደለም። በታተመ ጽሑፍ ብዛት ነው የምንቆጠረው። አንድ መምህር በዓመት ስንት አሳተመ የሚለው ወዲያው ይታወቃል፤ የተማሪን መልመጃ ገጽ በገጽ ሲያርም ያመሸው ግን የትም አይገባም። የዜኽተር ምርጥ ሥራ የትኛው ነው ብትሉኝ፣ ከ1855 እስከ 1861 በሊንዝና በቪየና መካከል የተመላለሰው የታረመ ደብተር ነው እላለሁ። በየትኛውም የሥራ ዝርዝር ውስጥ ኦፐስ ቁጥር አልተሰጠውም።

ደግሞም ጥሩ መምህር ለመሆን ንድፈ ሐሳቡ ፍጹም እውነት መሆን አላስፈለገውም። ግልጽ መሆን ነበረበት። ሹበርት አንድ ቀን፣ ብሩክነር ስድስት ዓመት የተማሩት ሕግ ቁልጭ ብሎ የተጻፈ ስለነበር ተማሪው የት እንደሚጥሰው በትክክል ማወቅ ይችላል። «እንደ ስሜትህ ጻፍ» ብሎ ከሚያስተምር ሰው የምትጥሱት ምንም ነገር አታገኙም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ደራሲው ዜኽተር በአብዛኛው መረሳቱ የሚያስከፋ አይደለም። ንድፈ ሐሳብ አፍላቂው ዜኽተር መነበብ ያለበት ከነክፍተቱ ነው፤ ዝም ያለው ሥር ጥሩ ሳይንስ ባይሆንም ጥሩ የማሰቢያ መሣሪያ ነው። መምህሩ ዜኽተርን ግን «የብሩክነር አስተማሪ» በሚል ግማሽ መስመር ማለፍ ስህተት ነው፤ ብሩክነርን ራሱን እንዳንረዳው ያደርገናል።

ማመን ካቃታችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። ለሹበርት የተጻፈውን የዶ ማይነር ፊውግ መጀመሪያ ስሙ፤ ከዚያ የሞዛርትን «ጁፒተር» የመጨረሻ ክፍል፤ በመጨረሻም የብሩክነርን የ1861ዱን «አቬ ማሪያ»። በሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ሶፕራኖዎቹን ለጊዜው ተዉአቸውና ከታች ያሉትን ቤዞች ብቻ ተከተሉ። ወዴት እንደሚሄዱ፣ ስንት እርከን እንደሚወርዱ ቁጠሩ። አንዴ አምስት፣ አንዴ ሦስት እያላችሁ ስትቆጥሩ የምታገኙት የዜኽተርን ትምህርት ነው።